የቲማቲምና የቃሪያ ሰላጣ በቤት ውስጥ በንጽሕና ስለ ማዘጋጀት



ዛሬ የምንነጋገረው ሁላችሁም ስለምታውቁት ቀላል ምግብ ነው። ቲማቲም፣ ቀይ ሽንኩርትና ቃሪያ በጥሬው ተከትፎ፣ ሎሚ ተጨምቆበት፣ ጨውና ጥቂት ዘይት ገብቶበት በእንጀራ የሚበላውን ማለታችን ነው። አንዳንዱ ሰላጣ ይለዋል፤ እንጀራ ሲፈተፈትበት ደግሞ የቲማቲም ፍትፍት ይባላል። በጾም ቀን፣ በሥራ ወራት፣ ወጥ ለመሥራት ጊዜ ሲጠፋና እንጨት ሲያጥር ቶሎ የሚደርስ ምግብ ነው።

ቲማቲምም ቃሪያም መጀመሪያ የተገኙት ከአሜሪካ ምድር ነው። የሜክሲኮ ሰዎች እስከ ዛሬ ድረስ ቲማቲም፣ ሽንኩርት፣ ቃሪያና ሎሚ በጥሬው አዋሕደው ከቂጣቸው ጋር ይበላሉ፤ «ሳልሳ» ይሉታል። በኛ ከተሞች ሳልሳ ሲባል የምንሰማው ግን ብዙውን ጊዜ በቆርቆሮ የሚሸጠው የበሰለ የቲማቲም ድልህ ነው። የኛ ነገር ዛሬ ስለ ጥሬው ነው።

ጥቅሙ ምንድን ነው?

ጥሬ ቲማቲም፣ ቃሪያና ሎሚ ቪታሚን ሲ የሚባል ለሰውነት አስፈላጊ የሆነ ነገር አላቸው። ይህ ነገር እሳት ሲነካው ይቀንሳል፤ በጥሬው ሲበላ ግን ይገኛል። ደግሞም በእንጀራውና በሽሮው ውስጥ ያለውን፣ ደም የሚሆነውን የብረት ማዕድን ሰውነታችን በደንብ እንዲወስደው ይረዳል። ይህ በተለይ ለነፍሰ ጡርና ለምታጠባ እናት ትልቅ ነገር ነው። ስለዚህ «ጥሬ ነገር አትብሉ» ብለን ልንከለክላችሁ አልመጣንም። በንጽሕና ተዘጋጅቶ እንዲበላ ነው ምክራችን።

አደጋው ከየት ይመጣል?

ወጥ ስንሠራ ብዙውን ጥፋት እሳት ያርምልናል። እጃችን ጥቂት ቢያድፍ፣ ውኃው ንጹሕ ባይሆን፣ ድስቱ ሲንተከተክ ጀርሙ ይሞታል። ሰላጣ ግን እሳት አያይም። ከማሳው ይዞት የመጣው፣ ከእጃችን የነካው፣ ከቢላዋው የተጋባው ሁሉ ሳይነካ ወደ ሆድ ይገባል። እንግዲህ እሳት የሚሠራውን ሥራ የእናትየዋ እጅና ንጹሕ ውኃ መሥራት አለባቸው። ከዚህ ጽሑፍ ሌላው ቢረሳ ይህ አንድ ነገር አይረሳ።

ጀርሙ መነሻው የሰው ዓይነ ምድር ነው። ሰው በሜዳ ወይም በእርሻ ዳር ሲጸዳዳ፣ ዝናብ ያጥበዋል፤ ጎርፉ ወደ ወንዝ ይወስደዋል፤ ወንዙ በመስኖ ወደ ቲማቲሙ ማሳ ይገባል። ዝንብም በእግሯ ተሸክማ ታመጣዋለች። ከዚያ በጥሬው ስንበላ ተቅማጥ፣ አሜባ፣ የአንጀት ተስቦና ወስፋት ይይዘናል።

ስለ ወስፋት ትንሽ እንጨምር። አንዲት ሴት ወስፋት በሰው አንጀት ውስጥ ሆና በቀን እስከ 200,000 ዕንቁላል ትጥላለች። ዕንቁላሉ በዓይን አይታይም። ከዓይነ ምድር ጋር ወጥቶ በእርጥብ አፈር ውስጥ ጥቂት ሳምንታት ሲቆይ ሰውን ለመያዝ ይደርሳል፤ ከዚያም በአፈሩ ውስጥ ለብዙ ወራት ሳይሞት ይቀመጣል። በአትክልት ላይም እንደ ሙጫ ይጣበቃል። ሕፃናት ሆዳቸው ተነፍቶ ክንዳቸው ሲቀጥን የምናየው አንዳንድ ጊዜ እናት የምታበላው ምግብ ለወስፋቱም ስለሚከፈል ነው።

ይህ የገጠር ቤት ችግር ብቻ ነው እንዳትሉ። በ2000 ዓ.ም.፣ በፈረንጆች 2008 መሆኑ ነው፣ በአሜሪካ አገር ሳልሞኔላ በሚባል ጀርም ከ1,400 በላይ ሰዎች ታመሙ። መጀመሪያ የተጠረጠረው ጥሬ ቲማቲም ነበር፤ እየተመረመረ ሲሄድ ግን ዋናው ምክንያት ጥሬ ቃሪያ ሆኖ ተገኘ። የቧንቧ ውኃና ማቀዝቀዣ ባለበት አገር ይህ ከደረሰ፣ እኛ ምን ያህል መጠንቀቅ ይገባናል!

«እጠቡ» ማለት ብቻ አይበቃም

እዚህ ላይ በራሴ የደረሰውን ልንገራችሁ። ከትምህርት ቤት በወጣሁ በመጀመሪያው ዓመት፣ ቲማቲም በመስኖ በሚለማበት አንድ የወይና ደጋ ቀበሌ እናቶችን ከዛፍ ሥር ሰብስቤ «አትክልት ሳታጥቡ አትብሉ» ብዬ አስተማርሁ። እናቶችም «እሺ» አሉ፤ እኔም ሥራዬን የፈጸምሁ መስሎኝ ደስ ብሎኝ ሄድሁ።

ከወር በኋላ አንዲት እናት የሦስት ዓመት ልጇን አዝላ መጣች። ልጁ ሆዱን እያመመው ያስቀምጠዋል፤ ዓይኑ ጎድጉዷል። ሰገራው ሲመረመር ወስፋትም አሜባም ተገኘበት። እኔም በቁጣ፦ «እኅቴ፣ ጥሬ ነገር ሳታጥቢ ሰጠሽው አይደለም?» አልኋት።

እሷም ቀና ብላ አየችኝና፦ «ኧረ ወንድሜ፣ አጥቤ ነው የሰጠሁት! አንተው አይደለህ እንዴ እጠቡ ያልኸን?» አለችኝ።

በማግሥቱ ወደ ቤቷ ሄድሁ። እንዳለችውም ታጥባለች። ነገር ግን ቲማቲሙን የምታጥበው ከመስኖው ቦይ በተቀዳ ውኃ ነው። ሳፋው የልጁ ጨርቅ የሚታጠብበት ሳፋ ነው። መጀመሪያ ከትፋ፣ ከዚያ የተከተፈውን በሳፋው ውስጥ እንደ እህል ታለቀልቀዋለች። እንግዲህ ቆዳው ላይ የነበረው እድፍ በቢላዋው ወደ ውስጥ ገባ፤ የቦዩ ውኃ ደግሞ ሌላ ጀርም ጨመረበት። ሳይታጠብ ቢበላ ይሻል ነበር ለማለት ምንም አልቀረኝም።

ያቺ እናት የተባለችውን ሁሉ አድርጋለች። ያጎደልሁት እኔ ነኝ። እጠቡ አልሁ እንጂ በምን ውኃ፣ በምን ዕቃ፣ መቼና እንዴት እንደሆነ አልተናገርሁም። ስለዚህ አሁን አንድ በአንድ እናገራለሁ።

1ኛ. ውኃው

ለጥሬ ምግብ የሚሆነው ለመጠጥ የሚሆነው ውኃ ብቻ ነው። የተጠበቀ ምንጭ ወይም የቧንቧ ውኃ ከሌለ፣ ወይም ካጠራጠራችሁ፣ ውኃውን አፍሉት። እንፋሎት ስለወጣ ብቻ ፈላ አይባልም፤ ከሥሩ እየገለበጠ ሲንተከተክ ነው። በቆላ አንድ ደቂቃ ይበቃል። ከባሕር ወለል ከ2,000 ሜትር በላይ በሆነ ደጋ ግን ውኃ በአነስተኛ ሙቀት ስለሚፈላ 3 ደቂቃ ይንተክተክ። ውኃው ድፍርስ ከሆነ አስቀድማችሁ በንጹሕ ነጠላ አጥልሉት። ከፈላ በኋላ በዚያው ዕቃ እንደተከደነ ይቀዝቅዝ። ለሰላጣ ሁለት ጣሳ ያህል ውኃ ይበቃልና፣ ማታ ከራት በኋላ በቀረው ፍም ላይ ጥዳችሁ አፍልታችሁ ብታሳድሩት እንጨትም አይባክንም።

2ኛ. እጅ

እጃችሁን በሳሙና ታጠቡ፤ ሳሙና ከሌለ በንጹሕ አመድ። መዳፉን፣ የእጁን ጀርባ፣ በጣቶች መካከል፣ ከጥፍር ሥር እሹት። በልባችሁ ቀስ ብላችሁ እስከ ሃያ ብትቈጥሩ በቂ ነው። ከመጸዳጃ ቤት ከተመለሳችሁ፣ ሕፃን ካጸዳችሁ፣ እበት ከነካችሁ በኋላ ሳትታጠቡ ቢላዋ አታንሡ። ጥፍራችሁ አጭር ይሁን።

እንግዳ ስናስታጥብ ውኃውን ከላይ እናፈስለታለን እንጂ በአንድ ገበታ ሁሉንም እጅ አናስነክርም። ይህ የአባቶቻችን ልማድ በጣም ጥሩ ነው፤ የሚፈሰው ውኃ እድፉን ይዞ ይሄዳልና። አትክልትንም እንዲሁ ነው ማስታጠብ።

3ኛ. ዕቃ

ቢላዋውና መክተፊያው አስቀድመው በሳሙና ታጥበው፣ በፈላ ውኃ ተለቅልቀው፣ በፀሐይ ይድረቁ። ጥሬ ሥጋ ወይም ዶሮ በተከተፈበት መክተፊያ ላይ ሳይታጠብ ሰላጣ መክተፍ ክልክል ነው። ሁለት መክተፊያ ማግኘት ከቻላችሁ አንዱን ለሥጋ፣ አንዱን ለአትክልት ለዩ። ልብስ የሚታጠብበት ሳፋ ለምግብ አይሁን። በቀሚስ ጫፍ ወይም ምድጃ በተወለወለበት ጨርቅ ዕቃ አትጥረጉ።

4ኛ. አትክልቱን ማጠብ

ከገበያ ስትገዙ ያልተሰነጠቀ፣ ያልበሰበሰ፣ ጠንከር ያለ ቲማቲም ምረጡ። የተሰነጠቀው ለወጥ ይሁን፤ እሳት ያገኘዋልና።

የማጠቡ ሥርዓት ይህ ነው። አስቀድሞ አፈሩን አራግፉ። ቀጥሎ አንድ ሰው ንጹሑን ውኃ በጣሳ ወይም በማንቆርቆሪያ ቀስ እያለ ያፍስስ፤ እናንተ ቲማቲሙን አንድ በአንድ እየያዛችሁ በእጃችሁ በደንብ እሹት። በተለይ ቅንጣቱ የነበረበት ጎድጓዳ ቦታ አፈር ይይዛልና እዚያ ላይ በርቱ። ሙሉውን ካጠባችሁ በኋላ ነው ቢላዋ የሚነካው። ቃሪያውንም እንዲሁ በሙሉው አጥባችሁ ከዚያ ሰንጥቁት። ሽንኩርቱን የደረቀውን ልጣጭ አንሡለትና በሚፈስ ውኃ አለቅልቁት። የሚጨመቀውንም ሎሚ እጠቡት፤ ሲቈረጥ ቢላዋው የቆዳውን እድፍ ወደ ውስጥ ይወስዳልና። አትክልትን በልብስ ሳሙና አትጠቡ፤ ሳሙናው ራሱ ሆድ ያማል።

አንዳንዶች «የውኃ ማከሚያ መድኃኒት ጨምሬበታለሁ፤ ማሸት ምን ያስፈልጋል?» ይላሉ። መድኃኒቱ ብዙ ጀርም ይገድላል፤ ጥሩ ነው። የወስፋት ዕንቁላል ግን ጠንካራ ቅርፊት ስላለው ይቋቋመዋል። ለሱ መፍትሔው በሚፈስ ውኃ አሽቶ ማስለቀቅ ነው።

ማሳው በምን ውኃ እንደጠጣ የማታውቁ ከሆነ ሌላም ዘዴ አለ። የታጠበውን ቲማቲም በሚንተከተክ ውኃ ውስጥ አንድ ደቂቃ ያህል ነክራችሁ አውጡት። ልጣጩ በቀላሉ ይገፈፋል፤ ውስጡ ግን እንደ ጥሬ ሆኖ ይቀራል። የቆዳው እድፍ ከልጣጩ ጋር አብሮ ይጣላል።

5ኛ. መክተፍና ማዋሐድ

ለስድስት ሰው የሚበቃው ይህን ያህል ነው፦

መካከለኛ ቲማቲም፣ 6፤
ትንሽ ቀይ ሽንኩርት፣ 2፤
ቃሪያ፣ 2 ወይም 3፤
ነጭ ሽንኩርት፣ 1 ፍልቃቂ፤
የሎሚ ጭማቂ፣ ከአንድ ሎሚ፤
የምግብ ዘይት፣ 2 የሾርባ ማንኪያ፤
ጨው፣ ግማሽ የሻይ ማንኪያ።

ሽንኩርቱን ደቃቅ አድርጋችሁ ክተፉና ጨውና ሎሚውን አስቀድማችሁ አድርጉበት፤ ጥቂት ሲቆይ ማቃጠሉ ይበርዳል። ቃሪያውን ፍሬውን አውጥታችሁ ክተፉት፤ የሚያቃጥል የሚወድ ፍሬውን ይተወው። ቲማቲሙን ፈጭታችሁ ሳይሆን እንደ ባቄላ ፍሬ አድርጋችሁ ቁረጡት። ሁሉንም በንጹሕ ማንኪያ አዋሕዱ፤ በመጨረሻ ዘይቱን ጨምሩ። ቃሪያ የነካ እጅ ዓይን እንዳይነካ፣ ሕፃንም እንዳይዝ፣ ወዲያው በሳሙና ይታጠብ።

6ኛ. ማቅረብና መብላት

ሰላጣ የሚሠራው ሰው ሊበላ ሲል ነው። እንጀራው ይቅረብ፣ ቤተ ሰቡ እጁን ይታጠብ፣ ከዚያ ይከተፍ። እስኪበላ ድረስ በንጹሕ ክዳን ይሸፈን፤ ዝንብ አንድ ጊዜ ካረፈችበት የደከማችሁበት ሁሉ ከንቱ ነው። በአንድ ገበታ የምንበላ ሕዝብ ነን፤ ስለዚህ የአንዱ ሰው እጅ ቢያድፍ የሁሉም እጅ እንዳደፈ ነው። ጉርሻ የፍቅር ነው፤ ባልታጠበ እጅ ሲሆን ግን በሽታ ማጉረስ ይሆናል።

የተረፈው ከሁለት ሰዓት በላይ አይቀመጥ። ማቀዝቀዣ በሌለበት ቤት ለማታ ወይም ለነገ አይደር። መጣሉ ካሳዘናችሁ በቀይ ሽንኩርትና በዘይት አቁላልታችሁ ወዲያው ስልስ አድርጉት፤ በደንብ ከተንተከተከ መልካም ወጥ ይሆናል።

ሰዎች የሚጠይቁት

«ሎሚ ጀርም ይገድል የለም ወይ?» ሎሚ አንዳንዱን ጀርም ያዳክማል፤ ሁሉንም ግን አይገድልም፤ የወስፋትን ዕንቁላል ደግሞ ምንም አያደርገውም። ሎሚ ለጣዕም ነው፤ የማጠብን ሥራ አይተካም።

«ቃሪያውስ? ሆድ ያጠራል ይባላል።» ቃሪያ ምላስን ያቃጥላል እንጂ ጀርምን አያቃጥልም።

«ለሕፃን መስጠት ይቻላል ወይ?» ስድስት ወር ላልሞላው ሕፃን ከእናት ጡት በቀር ምንም አይሰጥ፤ ውኃም ቢሆን። ከዚያ በላይ ላለው ትንሽ ልጅ ቲማቲሙን አብስላችሁ ብትሰጡት ይሻላል። ከፍ ላለው ልጅ ቃሪያ ሳይገባበት አስቀድማችሁ ድርሻውን ለዩለት።

«ኮሶም ከዚሁ ነው የሚመጣው?» አይደለም። ኮሶ የሚይዘን ከጥሬ የከብት ሥጋ ነው፤ ወስፋት ግን ከአፈር፣ ካልታጠበ አትክልትና ካልታጠበ እጅ ነው።

ነገሩ ከጓሮ ይጀምራል

አትክልት በደንብ መታጠቡ መልካም ነው፤ ከመነሻው ባያድፍ ግን ይበልጥ መልካም ነው። ስለዚህ እያንዳንዱ ቤት ክዳን ያለው የመጸዳጃ ጉድጓድ ይኑረው፤ ትልቅም ትንሽም በሱ ይጠቀም። የሕፃን ዓይነ ምድር አይጎዳም የሚባለው ስሕተት ነው፤ እሱም ወደ ጉድጓዱ ይጣል። ጓሮ ውስጥ ቲማቲምና ቃሪያ የምትተክሉ ከመጸዳጃው ርቃችሁ ትከሉ። ያልበሰበሰ ፍግ በሚበላው ፍሬ ላይ አታፍስሱ። ቲማቲሙንም በእንጨት ደግፋችሁ ከመሬት አንሡት፤ አፈር የማይነካው ፍሬ ንጹሕ ይሆናል፣ አይበሰብስምም።

ይህ ሁሉ ተደርጎ ልጅ ቢታመምስ?

ልጅ ሲያስቀምጠው ትልቁ አደጋ የሰውነቱ ውኃ ማለቁ ነው። ጡት የሚጠባ ከሆነ ጡት አይከልከል፤ እንዲያውም ይጨመርለት። ከጤና ኬላ የሚሰጠውን ኦ.አር.ኤስ. የሚባለውን ዱቄት በከረጢቱ ላይ በተጻፈው ልክ በንጹሕ ውኃ በጥብጣችሁ ጥቂት በጥቂት አጠጡት። የዚንክ እንክብልም ይሰጠዋልና ጠይቁ። ዓይኑ ከጎደጎደ፣ መጠጣት ካቃተው፣ ከደከመ፣ ወይም በሰገራው ደም ከታየ ግን «ነገ ይሻለዋል» አትበሉ፤ ያን ጊዜውን ወደ ጤና ጣቢያ ውሰዱት።

ያ የሦስት ዓመት ልጅ መድኃኒቱን ወስዶ ዳነ። ከጥቂት ወራት በኋላ በመንደሩ ሳልፍ እናትየዋ ቤት ጠራችኝ። መሶቡ ቀርቧል። ቲማቲሙ በገበታ ላይ ታጥቦ ሙሉውን ተቀምጧል፤ የፈላው ውኃ በማንቆርቆሪያ ተከድኖ ከጎኑ ነው። መንገድ መትቶኝ ስለራበኝ እጄን ወደ መሶቡ ስሰድ ልጁ ከእናቱ ጀርባ ብቅ አለና፦ «አልታጠበም እኮ!» አለ። እናቱ ሳቀች። እኔም አፈርሁና ተነሥቼ እጄን ዘረጋሁ፤ ልጁ ጣሳውን ይዞ አስታጠበኝ።

«ሳይቃጠል በቅጠል» ይላል ያገራችን ሰው። ይህን ለማድረግ ሀብት አያስፈልግም፤ አንድ ጣሳ የፈላ ውኃ፣ ቁራሽ ሳሙና ወይም እፍኝ አመድ፣ ጥቂትም ትዕግሥት ይበቃል። ዛሬ ማታ ፍሙ ሳይጠፋ ውኃውን ጣዱ።

መልካም ጤና ለቤታችሁ ይሁን።